ልጅ ስታነብ ቆርቆሮ አይመታም

እማማ ፍም ከካውያቸው ቀና ሲሉ፣ በራቸው ላይ ጭቃ የለበሰች ወጣት ሴት ቆማ አገኙ። ዝናቡ ድንገት ወርዶ መንገደኛውን ሁሉ ወደየደጃፉ ሲበትነው፣ አንድ የጭነት መኪና ባጠገቧ በርሮ ከደረቷ እስከ ጉልበቷ አጥምቋት ሄዷል።

«ውይ ልጄን! በቁምሽ ለሰኑሽ እኮ!» አሉ እማማ ፍም። «ነይ ግቢ። ጃኬቱን ወዲህ በይ። ጭቃ እርጥብ እንዳለ ነው እንጂ ከደረቀማ ከጨርቁ ጋር ይጋባል።»

ወጣቷ አመስግና ጃኬቷን አወለቀችና ግድግዳው ሥር ካለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እማማ ፍም ጃኬቱን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውሉት ጀመር።

«ፍም» የሚለውን ስም ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው። ግማሹ ሰው በከሰል ከሚሠራው ካውያቸው የተነሣ ነው ይላል፤ ግማሹ ደግሞ ከምላሳቸው። በፊታቸው ግን «እማማ» ከማለት የሚያልፍ ደንበኛ የለም። የሰው ልብስ አጥበውና ተኩሰው ይህችን ባለ አንድ በር ቤት ያቆሙ፣ ሴት ልጃቸውን ያሳደጉ፣ አሁን ደግሞ ልጃቸው ለሥራ ሌላ ከተማ ስትሄድ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ አለመቁጠራቸውንም ከማንም አይደብቁም። የደንበኛውን ልብስ የሚለዩት በክር ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ቀለም አለው፤ ከኮሌታው ውስጥ ወይም ከሱሪው ወገብ ጥግ አንዲት ስፌት ጣል ይደረግበታል። ቀዩ ክር የሹፌሩ፣ አረንጓዴው የዳኛው፣ ቀይና ነጭ የተገመደው የጥርስ ሐኪሟ። የአንዱ ሱሪ ተሳስቶ ሌላው ቤት የሄደበት ቀን የለም።

ያን ቀን ግን እማማ ፍም ደህና አልነበሩም። ካውያውን የሚያሳርፉባት አሮጌ ቆርቆሮ ነበረቻቸው። የልባቸውን ሁኔታ ማወቅ የፈለገ ሰው ፊታቸውን ማየት አያስፈልገውም፤ ቆርቆሮዋን መስማት ይበቃዋል። ሰላም ሲሆኑ ካውያው ቀስ ብሎ ያርፋል። ሲናደዱ፣ ቷ! ይላል። ያን ቀን ቷ! ቷ! ሲል ነው የዋለው።

«እማማ፣ ማን አስቆጣዎት?» አለች ወጣቷ።

ከበሩ ጥግ ጠረጴዛውን ዘርግቶ፣ አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ መነጽር ሰክቶ የሚሠራው ሰዓት ጠጋኝ ሳቀ። «ባትጠይቂ ይሻልሽ ነበር፣ እህቴ። ጠዋት ጀምራ ገና አላበቃችም።»

«አንተ የሰዓትህን ጥርስ ልቀም!» አሉት እማማ ፍም። ከዚያ ወደ ወጣቷ ዞሩ። «ያስቆጣኝ ትምህርት ቤት ነው። የልጅ ልጅ አለችኝ፣ ሁለተኛ ክፍል ናት። ባካሏ ማነስ ድንቢጥ እላታለሁ። እዚህች አንቺ የተቀመጥሽባት በርጩማ ላይ ሆና ስታነብልኝ፣ ከቧንቧ እንደሚወርድ ውኃ ነው! መንገደኛ ቆሞ ይሰማታል። ዋሸሁ፣ አንተ?»

«አልዋሸሽም» አለ ሰዓት ጠጋኙ። «እኔ ራሴ ሥራ እፈታለሁ።»

«እንግዲህ ይህችን ልጅ ነው አስተማሪዋ ‘አታነብም፣ ወደ ኋላ ቀርታለች፣ ከክፍል በኋላ እየቆየች ትረዳ’ እያለች መልእክት በመልእክት ላይ የምትልክብኝ። ኑ ትለኛለች። ሂጂ አልኳት! እግሬን አላነሣሁም።»

«ሄደው ቢያነጋግሯት ምን ነበረበት?»

«ሄጄ ምን ልሰማ? ልጄን ለደካሞች ክፍል እንድሰጥ ነው? ያን ክፍል ልጆቹ ምን ብለው እንደሚጠሩት ታውቂያለሽ? የድንጋዮች ክፍል!» ቷ! «የኔን ልጅ፣ የኔን ድንቢጥ፣ ድንጋይ ሊያሰኙልኝ! እኔ ቆርጫለሁ። ከሰኞ ጀምሮ የዚያን ትምህርት ቤት በር አታይም። እዚሁ አጠገቤ ትቆማለች፤ ማጠፍ ትማራለች፣ መተኮስ ትማራለች፣ ክሩን አሳያታለሁ። እኔ ፊደል ሳልቆጥር ነው ይህን ቤት ያቆምኩት።»

ወጣቷ ፊቷ ተለዋወጠ። 

ሰዓት ጠጋኙ ነገር ሲበርድ አይወድም። «እትዬ፣ እስቲ እንበልና አስተማሪቱን መንገድ ላይ ብታገኚያትስ?»

«ባገኛት?» እማማ ፍም የያዙትን ጃኬት ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፣ ካውያውንም አነሡ። «ባገኛትማ ኮሌታዋን ይዤ ነው የምተኩሳት!»

«እንግዲያው እማማ፣» አለች ወጣቷ ከበርጩማው ተነሥታ፣ «ኮሌታዬ እጅዎ ላይ ነው።»

የሰዓት ጠጋኙ መቆንጠጫ ከእጁ አምልጦ ወለሉ ላይ ተንኳኳ።  እማማ ፍም ጃኬቱን አዩ፤ ልጅቷን አዩ፤ እንደገና ጃኬቱን አዩ። ካውያውን ግን ከእጃቸው አላወረዱም።

«አሃ!» አሉ በመጨረሻ። «እርስዎ ነዎታ! ይቀመጡ እንጂ እመቤቴ፣ ምን ያስቆምዎታል? የድንጋዮች ቤት ነው፤ ቢቀዘቅዝም ወንበር አያጣም።»

«እባክዎ አንቺ ይበሉኝ። ልጅዎ ነኝ።»

«ልጄስ አይደለሽም። የኔ ልጅ ሕፃን አታዋርድም።»

«ያን ስም እኔ አላወጣሁትም፣ እማማ። በሰማሁት ቁጥር ያመኛል።»

«ሲያምሽ ታዲያ ምን አደረግሽ?»

 እውነትም አስተማሪቱ ምን አድርጋ ነበር? ዝም ነው ያለችው። ሕፃን ልጅን ድንጋይ ብሎ የሚጠራ ሰው አፉ ይድረቅ እንጂ ሌላ ምን ይባላል! ትልልቁ ሰው በግቢው ውስጥ እንዲህ ያለውን ቃል እንደ ጉድፍ ይጥለዋል፤ ልጆች ያነሡታል፤ ትንሿ ልጅ ተሸክማው ቤቷ ትገባለች። የጣለው ሰው ደግሞ መጣሉን እንኳ ረስቶታል። የሰማውና ዝም ያለውም ቢሆን እጁ ንጹሕ አይደለም።

«ምንም አላደረግሁም» አለች አስተማሪቱ ቀስ ብላ። «ይህን ያህል እውነት አለዎት፤ እቀበላለሁ። ግን እርስዎም የኔን ይስሙኝ። ድንቢጥ አታነብም።»

«ታነባለች!»

«አታነብም፣ እማማ። ሰሞኑን አዲስ ገጽ ሰጠኋት፤ አንዲት ቃል አልወጣትም። ፈርታ መጽሐፉን ከፊቷ ገፋችው።»

«አስፈራርተሻት ነዋ!»

«እኔም መጀመሪያ እኔን ፈርታ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ሳጫውታት ትስቃለች፤ ተረት ስነግራት መልሳ ከነድምፁ ትነግረኛለች። የምትፈራው መጽሐፉን ነው። መጽሐፉን እንድትፈራ ያደረጋት ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ለዚያ ነበር ኑ፣ እንነጋገር ያልኩዎት። ላዋርዳት አይደለም።»

«አፍሽ ጣፋጭ ነው» አሉ እማማ ፍም። «የተማረ ሰው አፉ ይጣፍጣል። ቆይ ብቻ፤ አሁን ትመጣለች፣ ጆሮሽ ይፈርድብሻል።»

እንዳሉትም ብዙ አልቆየች። ድንቢጥ ቦርሳዋን ከጭንቅላቷ ላይ ደፍታ፣ ጫማዋ ውኃ እየተፋ ሮጣ ገባች፤ አስተማሪዋን ስታይ ግን በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ግቢ! ምን ያስደነግጥሻል?» አሉ አያቷ በፎጣ ጭንቅላቷን እየፈተጉ። «ማንም አይበላሽም። መጽሐፍሽን አውጪ። ለእንግዳችን አንብቢላት። እንደ ለመድሽው!»

ልጅቷ አስተማሪዋን በጎሪጥ እያየች መጽሐፉን አወጣችና በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። እማማ ፍም ፊታቸው እንደ ሠርገኛ እየበራ ካውያቸውን አነሡ፤ የዳኛውን ሸሚዝ ኮሌታ ይተኩሱ ጀመር። ድንቢጥም ጀመረች።

«በጓሯችን አንድ ዛፍ አለ። ዛፉ ላይ አንዲት ወፍ አለች። ወፏ ጎጆ ሠራች። ጎጆዋ ትንሽ ናት። ትልቅ ዝናብ ዘነበ። ጎጆዋ ግን አልፈረሰችም…»

ድምፅዋ ጥርት ያለ፣ መቆሚያ የሌለው ነበር። እማማ ፍም ዓይናቸውን ከኮሌታው ሳያነሡ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ሰማሽ? ሰማሽ?» ይላሉ።

አስተማሪቱ ግን የምትሰማ ብቻ አልነበረችም፤ ታይ ነበር። ብድግ ብላ ቀስ ብላ ተጠጋችና መጽሐፉን ከልጅቷ እጅ ወስዳ ዘጋችው። ድንቢጥ አላቋረጠችም። «ወፏ እንቁላል ጣለች። ከእንቁላሉ ጫጩት ወጣች…» ባዶ መዳፎቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ማንበቧን ቀጠለች። ዓይኗ ካውያው ላይ ነበር። ካውያው ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲሄድ ወደ ግራ።

ሰዓት ጠጋኙ ማጉያውን ከዓይኑ ላይ አወረደ። «እትዬ» አለ። በድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። «እትዬ፣ ቀና በይ።»

እማማ ፍም ቀና አሉ። ባዶውን እጅ አዩ።

ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ያየውን ያምናል፣ ወይ ይሟገታል። እማማ ፍም ተሟገቱ። «ታዲያ ምን ይሁን? በቃሏ ብትይዘው ጉብዝና ነው! ጭንቅላት ያለው ነው በቃሉ የሚይዝ!»

«ጉብዝና ነው» አለች አስተማሪቱ። «ድንጋይ አይደለችም ማለት ነው፤ ማንም እንዲህ ያላት ያፍራል። ይህ ሁሉ የሚይዝ ጭንቅላት ያላት ልጅ ማንበብ ያቃታት ለምንድን ነው? እኔንም እርስዎንም ሊያስቆጣን የሚገባው ይህ ነው።» ከዚያ መጽሐፉን ገልጣ ልጅቷ አጠገብ ቁጢጥ አለች። «የኔ ቆንጆ፣ ቅድም ‘ዝናብ’ ያልሽው የቱ ጋ ነው? በጣትሽ አሳይኝ። አትቸኩዪ።»

ድንቢጥ ጣቷን ዘረጋች። ጣቷ ገጹ ላይ ዞረ፣ ቆመ። ጸጥታው ረዘመ። እማማ ፍም ጸጥታ አይችሉም፤ ሳያስቡት፣ እጃቸው እንደ ለመደው፣ ካውያውን ቆርቆሮው ላይ አሳረፉት።

ቷ!

ልጅቷ ተስፈንጥራ ቀና አለች። «በጓሯችን አንድ ዛፍ አለ! ዛፉ ላይ አንዲት ወፍ አለች! ወፏ ጎጆ ሠራች!» ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ አፏ ግን ይሮጣል።

«በቃ፣ በቃ፣ የኔ ልጅ» አለች አስተማሪቱ አቅፋ። «ለምን ከመጀመሪያው ጀመርሽ?»

«ስቆም አያቴ ቆርቆሮዋን ትመታለች» አለች ድንቢጥ። «ካልቆምኩ አትመታም። ሌላ ክፍል የምትማር ጓደኛዬ ሁልጊዜ መጀመሪያ ታነብልኛለች፤ ከዚያ በቃሌ እይዘዋለሁ።»

እማማ ፍም የሚቀመጡበት ፈለጉ። በርጩማው ተይዟል፤ የቆሸሸ ልብስ ክምር ላይ ተቀመጡ።

«እኔ… ያነቃታል ብዬ ነው» አሉ። «ስትቆም ሐሳቧ የሄደ ይመስለኛል። ማንበብ እንደ ውኃ መፍሰስ አይደለም እንዴ? በሬዲዮ የሚያነቡት መቼ ይቆማሉ?»

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይህን ሸሚዝ የማን እንደሆነ በምን ያውቃሉ?»

«በክሩ ነዋ። አረንጓዴ ነው፤ የዳኛው ነው።»

«ልብሱ በርክቶ፣ ደንበኛው ቆሞ እየጮኸብዎ፣ ክሩን ሳያዩ ‘ይሄ የሹፌሩ፣ ይሄ የሐኪሟ’ እያሉ በጥድፊያ ቢያድሉስ?»

«እብድ ነኝ? ያኔማ የዳኛውን ሱሪ ለሹፌሩ እሰጣለሁ!»

«ዛሬ በወጉ ቢገጥምልዎስ? ሰልፉ እንደ ትላንቱ ሆኖ?»

«ዛሬ ቢገጥም ነገ ይፋለሳል። ክሩን ገልጬ ሳላይ አንድ መሐረብ አልሰጥም። ደንበኛው ይጩኽ እንጂ! ዳኛም ቢሆን ይጠብቃል።»

«ድንቢጥ ክሩን ሳታይ ነው ልብሱን የምታድለው» አለች አስተማሪቱ። «ፊደሉ ክሩ ነው። ገልጣ ለማየት ጊዜ ያስፈልጋታል። የምትቆመው ሐሳቧ ስለ ሄደ አይደለም፤ ሐሳቧ ሥራ ላይ ስላለ ነው። እኛ ደግሞ ልክ ክሩን ልታይ ስትል፣ ቷ!»

  እማማ ፍም ልጅቷን አዩዋት። ይህች ልጅ ስታነብ ፊቷን አይተውት ያውቁ ነበርን? ጆሯቸው ነበር የሚሰማት፤ ዓይናቸው ኮሌታ ላይ ነበር። እሷ ደግሞ ሁልጊዜ እሳቸውን ስታይ ኖራለች፣ መዓት የሚወርድበትን ሰማይ እንደሚያይ ሰው።

ከዚያ ተነሡ። ሲነሡ ግን ቁጣቸው አብሮ ተነሣ።

«ቆይ! ቆይ! እኔስ ፊደል የማላውቅ አሮጊት ነኝ፤ በጆሮዬ ተታለልኩ። አንቺስ? ጠዋት ገብታ ካንቺ ጋር ነው የምትውለው። ይህ ሁሉ ጊዜ ሲሄድ እንዴት አላወቅሽም?»

አስተማሪቱ ፊቷ ቀላ። «ክፍሉ ጢም ብሎ የሞላ ነው፣ እማማ። እኔ አነባለሁ፤ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ተቀብለው ይላሉ። በአንድ ድምፅ ሲጮኹ ማን እንዳነበበና ማን እንደተከተለ አይለይም። የሷ ድምፅ ደግሞ ከሁሉም ጎላ ብሎ ይሰማ ነበር። ለየብቻ ማስነበብ የጀመርኩት በቅርቡ ነው። ያኔ ነው ያወቅሁት።»

«ለምን ከመጀመሪያው ለየብቻ አላስነበብሽም?»

«ርእሰ መምህራችን በአንድ ድምፅ ሲባል ደስ ይላቸዋል። እንግዳ ሲመጣ ከአጥሩ ውጭ ይሰማል፤ ‘ትምህርት እንዲህ ነው’ ይላሉ። እኔም አዲስ ነኝ፤ አልተከራከርኩም።»

«በይ እንግዲህ!» እማማ ፍም ጣታቸውን ቀሰሩ። «እናንተም ቆርቆሮ አላችሁ! የኔ ይቺ ናት፤ የናንተ ግን አጥር ይሻገራል! ለእንግዳ ጆሮ ሲባል ልጅ ትደንቁር? አቤት ጉድ! እዚህ አያቷ ስታስደነግጣት፣ እዚያ ጩኸት ሲሸፍናት፣ ይቺ ጫጩት መቼ ትማር? ኋላ ደግሞ ተሰብስበን ድንጋይ እንበላት! ድንጋዮቹ እኛ ነን!»

«እኔም የምለው ይህንኑ ነው፣ እማማ» አለች አስተማሪቱ፤ ድምፅዋ እንደ እሳቸው ግሎ ነበር። «ለዚህ ነው ከክፍል በኋላ እንድትቆይ የምፈልገው። ጥቂት ልጆች ብቻ ነን። ማንም አይጮኽም። እያንዳንዱ ልጅ ካቆመበት ይጀምራል፤ ድንቢጥ ከመጀመሪያዎቹ ፊደላት ብትጀምርም ማፈሪያ የለውም። አሁን ገና ትንሽ ናት፤ የጎደላት ቶሎ ይሞላል። ዝም ካልናት ግን ታሪኩ ይረዝማል፣ ሒሳቡም በጽሑፍ ይመጣል፣ በቃል መያዙ አንድ ቀን ያቅታታል። ያን ቀን እሷም ራሷን ድንጋይ ትላለች። እርስዎ ከሰኞ ጀምሮ ቢያስቀሯት ግን ዛሬውኑ ‘አዎ፣ ድንጋይ ነሽ’ አሏት ማለት ነው።»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል እማማ ፍምን ወጋቻቸው። ልጅቷን ከውርደት ላድን ብለው ራሳቸው ውርደቱን ሊያጸኑባት ኖሯል።

«እቤትስ ምን ላድርግ?» አሉ በመጨረሻ። «እኔ እንደሆነ ፊደሉን አላውቀው።»

«ማወቅ የለብዎትም። ጣቷን ይዩ። ጣቷ ከምታነበው ቃል ሥር መሆን አለበት። ዓይኗ ከመጽሐፉ ወጥቶ ወደ እርስዎ ከመጣ በቃሏ እየሄደች ነው፤ ‘ወደ ጣትሽ ተመለሽ’ ይበሏት። ስትቆም ደግሞ ዝም ይበሉ።»

«ዝም?»

«ዝም።»

ሰዓት ጠጋኙ ከጥጉ፣ «አስተማሪ፣ ከዚህ የቀለለ ነገር ፈልጊላት እንጂ!» አለ።

«አንተ!» አሉ እማማ ፍም፤ ሊቀጥሉ አፋቸውን ከፍተው ግን ልጅቷን አዩና ዋጡት። «እሺ። ዝም እላለሁ። ግን እኔም የምለው አለኝ። ልጄን የምሰጥሽ ያ ስም ከዚያ ግቢ ከወጣ ነው። አንቺ ዝም ካልሽ እኔ እመጣለሁ። ርእሰ መምህርሽንም አነጋግራቸዋለሁ፤ አጥር የሚሻገር ድምፅ ከወደዱ እኔም አለኝ።»

ሰኞ ጠዋት እማማ ፍም የታጠበና የተተኮሰ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ የድንቢጥን እጅ ይዘው ትምህርት ቤት ገቡ። ርእሰ መምህሩ በጨዋ ደንብ ተቀበሏቸው፤ ነገሩን ሲሰሙ ግን ፈገግ ብለው፣ «የልጆች ጨዋታ ነው እኮ፣ እናቴ» አሉ።

«ልጅ ቃል አይፈጥርም፣ ጌታዬ፤ ከትልቅ ሰው አፍ ነው የሚለቅመው» አሏቸው እማማ ፍም። «መጀመሪያ ማን እንዳለው ይጠይቁ። እርስዎም ቢሆኑ በአንድ ድምፅ የሚጮኸውን ክፍል ወደዱት እንጂ፣ ከጩኸቱ ሥር ማን እንደ ተቀበረ አላዩም። እኔም የራሴን አላየሁም፤ ስለዚህ አብረን እንፈር።»

አስተማሪቱም ያን ቀን ዝም አላለችም፤ እንዲያውም ከአሮጊቷ ቀድማ ተናገረች። ከዚያ በኋላ ከትምህርት በኋላ የሚደረገው እርዳታ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ ካለችው ጨለማ ክፍል ወጥቶ መስኮት ያለው ቤተ መጻሕፍት ገባ። ጎበዝ አንባቢዎቹም ለትንንሾቹ ሊያነቡ እዚያው ይገቡ ጀመር። ጎበዙም ደካማውም በአንድ በር ሲገባ፣ ድንጋይ የሚለው ስም የሚለጠፍበት ሰው አጥቶ ጠፋ። በክፍል ውስጥም ልጆቹ በየተራ እየተነሡ ያነቡ ጀመር፤ ከአጥሩ ውጭ የሚሰማው ቀነሰ፣ ከአጥሩ ውስጥ የሚታወቀው በዛ።

እማማ ፍም ቤት ደግሞ ቆርቆሮዋ ከጠረጴዛው ላይ ተነሣች። በቦታዋ ሸክላ ጡብ ገባ። ጡብ ቢናደዱበትም አይጮኽም። ቆርቆሮዋን ሰዓት ጠጋኙ ለምኖ ወሰዳትና ከደጃፉ ለሚንጠባጠበው ውኃ ማገጃ አደረጋት።

ዝም ማለቱ ግን ለእማማ ፍም ቀላል አልነበረም። ልጅቷ አንድ ቃል ላይ ስትቆም ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ዓይናቸውን ጣቷ ላይ ተክለው ይጠብቃሉ፤ አንዳንድ ቀን ሸሚዝ ሊያቃጥሉ ይደርሱና ካውያውን ጡቡ ላይ አሳርፈው ሁለቱን እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ይከታሉ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መራራ ነበሩ። ያ እንደ ውኃ የሚወርደው ንባብ ቀርቶ፣ ጠብ ጠብ የሚል፣ የሚቆም፣ የሚሰናከል ሆነ። «አያቴ፣ ድሮ እችል ነበር» ብላ ድንቢጥ ያለቀሰችበትም ቀን ነበር። «ድሮ የቻልሽው የጓደኛሽን ነው። ይሄ ያንቺ ነው፤ ትንሽ ቢሆንም ያንቺ ነው» አሏት።

የዝናቡ ወቅት ካለፈ በኋላ አንድ ብሩህ ቀን፣ ባለ አረንጓዴ ክሩ ዳኛ ሱሪያቸውን ሊወስዱ መጡ። ቸኩለዋል። እማማ ፍም ሱሪውን አጥፈው ሊጠቀልሉበት አሮጌ ጋዜጣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ነበር። ድንቢጥ ግን ቀድማ ተደፍታበታለች፤ ጣቷ ከአንድ መስመር ሥር ነው።

«ነ… ገ…» አለች። «ነገ… በ… ከ… ተማችን… ከ… ባ… ድ…» ቆመች።

ዳኛው ሰዓታቸውን አዩ። ጠበቁ። ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ጠፍ ጠፍ አደረጉና፣ «ይህች ልጅ ምላሷ ይያያዛል እንዴ? አንሺያትና ጠቅልይልኝ እንጂ» አሉ።

ሰዓት ጠጋኙ ሥራውን አቁሞ አንገቱን ሰገገ። የሚመጣውን ያውቃል።

«እጅዎን ይሰብስቡ፣ ጌታዬ!» አሉ እማማ ፍም፤ ጮኸው አልነበረም፣ ልጅቷ እንዳትደነግጥ ዝግ ባለ ድምፅ ነው፤ ግን ከጩኸት የባሰ ነበር። «በዚህ ቤት ልጅ ስታነብ ጠረጴዛ አይመታም። ምላሷ አልተያያዘም፤ እያሰበች ነው። እርስዎ ችሎት ላይ ነገሩን ሳይመረምሩ እንዲፈርዱ ማን ያስቸኩልዎታል? ይህን ጋዜጣ ማንም አላነበበላትም፤ እኔ አልችል፣ ጓደኛዋ እዚህ የለች። ራሷ ናት የምታወጣው። ትላንት የመድኃኒቴን ጠርሙስ አንብባ መቼ እንደምወስደው ነገረችኝ። እናቷ ለላከችው ደብዳቤ መልስ ጽፋለች፤ ፊደሉ የተንጋደደ ነው፣ ግን የራሷ ነው። ሌሊት ‘ትምህርት ቤት አልሄድም’ ብላ መቃዠቷ ቀርቷል። በርጩማዋ ላይ ስትቀመጥ እኔን መፍራት ትታለች። ይህን ሁሉ ያገኘነው እየጠበቅን ነው። ስለዚህ እርስዎም ይጠብቃሉ። ሱሪዎ አይሸሽም።»

ዳኛው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ጠበቁ።

 ካውያው ጡቡ ላይ ነው። የድንቢጥ ጣት አንዲት ፊደል ወደፊት ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ።

«ዝ…» አለች። «ዝ… ና… ብ። ዝናብ!» ከዚያ የቀረውን በአንድ ትንፋሽ አወጣችው። «ነገ በከተማችን ከባድ ዝናብ ይጥላል።»

አያቷን አላየችም። ቀና ብላ ያየችው መስኮቱን ነበር፤ ውጭ መንገዱ ደርቆ፣ ፀሐዩ ቦግ ብሏል። ግንባሯን ቋጠረች።

«አያቴ፣» አለች በቁጣ፣ «ይሄ ጋዜጣ ውሸታም ነው! የታለ ዝናቡ?»

እማማ ፍም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ለጥቂት ጊዜ ዓይናቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩና ወደ ዳኛው ተመለሱ።

«ሰሙ፣ ጌታዬ?» አሏቸው ሱሪውን በዚያው ጋዜጣ እየጠቀለሉ። «አንብባ፣ መርምራ፣ ፈረደች። ከእንግዲህ የችሎት ወንበርዎን ይልቀቁላት።»